ቁጥር ፵፪

ጉጉፍቱን ስናልፍ ብርዱ ዘለቀ ከአጥንት፣
ወረኢሉ ስንገባ ሆነ አራት ሰዓት።
ልጄ ናት ያመጣችኝ፦ «አባዬ፣ ጡረታ
መቀመጥ አይደለም ከጠዋት እስከ ማታ፤
የቀኛዝማች አመዴን ቤት አድሰው ከፍተዋል፣
ሰው ከሩቅ እየመጣ ፎቶ ይነሣበታል።»
«ይሁን» አልኩ። ምን ልበል? አልጨመርኩም ሌላ።
ቤቱን እንደማውቀው፣ ከምሰሶው ኋላ
ስንጥቁ የት እንዳለ፣ ደረጃው ስንት እንደሆን፣
አልነገርኳትም እስከ ዛሬዋ ቀን።

ሠላሳ ብር ከፈልን፤ ትኬት ተቆረጠ።
አስጎብኚው ሙሄ ፊት ፊት እየሮጠ፣
ጫማ አስወለቀን፣ ቁልፉን እያማረጠ፤
በሩ ሲጥጥ አለ፤ ጨለማው አፈጠጠ።
«ይህ የግብር አዳራሽ፤ ያ ደግሞ ዕልፍኛቸው፤
ይህ በግመል የመጣ ትልቅ መስታወታቸው፤
ይህ አልጋ፣ ይህ ጋሻ፣ ይህ መታጠቢያቸው።»
ደግሞም «አትንኩ!» ይላል፣ ማን እጁን ዘረጋ?
ጣቱን እያወዛወዘ እንደ የኔታ አለንጋ።

ከጥግ አንድ ወንበር፣ ጀርባው የተጠረበ፣
ግራ እግሩ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ያነጠበ
፵፪ የሚል ቁጥር።
ልጄ ጎንበስ ብላ፦ «ይህስ ምን ነበር?»
ሙሄ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በኩራት፦
«የማዕረግ ቁጥር ነው፤ በዚያ ዘመን ሥርዓት
አርባ ሁለተኛው ባላባት ነው የሚቀመጥበት።»
ልጄ በስልኳ ላይ ይህንኑ ጻፈችው።

እኔ ነኝ የቀባሁት።

ሚያዝያ ስድሳ ሰባት። ሃያ ዓመት ጎረምሳ።
በአንድ እጄ ብሩሽ፣ በአንዱ የቀለም ጣሳ፣
ብብቴ ሥር መዝገብ፤ ከእኔ በላይ ጸሓፊ የለም!
ጋን ቆጠርኩ፣ ምንጣፍ፣ ሰነፍ ሰዓት የማይደውል፣
ጠመንጃ ከነዝገቱ፣ በርኖስ ከነብሉ፣
ሃምሳ ሦስት ወንበር፤ ቁጥሬን ያዙ ሁሉ
አንድ በአንድ በየእግራቸው፣
ለገበያ እንደወጣ ከብት ምልክት ሳበጅላቸው።

እመት የሺሐረግ ከጓሮው ነበሩ።
ሠራተኛው ሲያለቅስ እሳቸው አልተናገሩ፤
ትርንጎ ያጠጣሉ በተጣመመ ቆርቆሮ።
ሲያዩኝ ቀና አሉና፦
«ጨረስክ ወይ ልጄ?»
«ጨረስኩ።»
«ንቦቹንስ?»
የሳቅሁ መሰለኝ። «ንብና ዛፍ» አልኳቸው፣
«ቅጹ ላይ የሉም፤ መደብ የላቸው።»
«እንግዲያ የኔ ናቸዋ» አሉና፣
ውኃውን አንቆረቆሩ፣ አልተመለከቱኝም እንደገና።
በማግስቱ ሄዱ። ወዴት? አልጠየቅሁም።
ጸሓፊ ነበርኩ፤ የሚጠየቀውም አልነበረም።

ከዕልፍኙ ስንወጣ፣ ግድግዳው ላይ የዘር ሐረግ፦
አባት ከልጅ፣ ልጅ ከልጅ ልጅ፣ በወርቅ ቀለም ሲደረግ።
ሺህ ስም ተጽፏል።
የለም የሺሐረግ።

ጓሮውን ሣር አልብሰው፣ በድንጋይ ከልለው፣
«መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተክለው፣
ጽጌረዳው ሁሉ እኩል ተመትሯል እንደ ተማሪ ሰልፍ።
ከቀፎው ቦታ ላይ ጄኔሬተር ቆሟል። አለፍን በሰልፍ።

ግን ከገንዳው ማዶ፣ ቅጥሩ ከተናደበት፣
አንድ የጎበጠ ግንድ፣ ግማሽ ጎኑ የሞተበት፣
በቀረችው ቅርንጫፍ ሦስት ፍሬ አንጠልጥሏል፤
ቢጫ፣ ሸካራ፣ ጭንቅላት ያካክላል።
«ይህስ?» አለች ልጄ።
ሙሄ ወረቀቱን ገለጠ፣ ፈለገ፣ አጣ፦
«እሱ... ዝም ብሎ ዛፍ ነው። ዝርዝሩ ላይ አልወጣ።»

ሙሄ፣ አልተሳሳትክም። ዛሬ በዚህ ግቢ
እውነት የተናገርከው ይህችን ነው፣ አስጎብኚ።

ቁልፉን ያቃጭላል፤ ስድስት ሰዓት፣ ምሳ።
ልጄ ክንዴን ሳበች፦ «አባዬ፣ ተነሣ፤
ምን ታያለህ እዚህ፣ ፀሐይ ላይ ተጎልተህ?»
«ቆይ» አልኳት።
በጆሮዬ ጥግ አንዲት ንብ አልፋ
አበባው ውስጥ ገባች፣ ክንፏን አጥፋ።

«ልቁጠር» አልኳት። «አንድ...»